ለመኪናችሁ ሥር የቱ ይሻላል? የተቃጠለ ዘይት፣ ግራሶ፣ አንቲረስት፣ ጥቁር አንደርኮት ወይስ ሰም

ግንቦት ሲገባ አዳማ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ክረምት መጣ፣ ከሥር ምን ላስቀባት?» መልሱ እንደተጠያቂው ነው። ላቫጆ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ የተቃጠለ ዘይት እንርጭላትና ይገላገሉ» ይላል። ቀለም ቤት ብትሄዱ ቀይ አንቲረስት፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ የዝገት መከላከያ፣ ያወጡላችኋል። ጋራዥ ብትጠይቁ ጥቁር አንደርኮት፣ ማለትም የሚደርቅ ወፍራም የሥር ሽፋን፣ ካልተቀባ አይሆንም ትባላላችሁ። የድሮ ሾፌሮች ደግሞ ከግራሶ ሌላ አያምኑም።

እያንዳንዱ ምክር የሚሠራለት መኪና ይኖር ይሆናል። ያ መኪና ግን የእናንተ ላይሆን ይችላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አብዛኞቻችን የምንነዳው ዕድሜ የጠገበ፣ ከሥሩም ትንሽ ትንሽ መዛግ የጀመረ መኪና ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ድርቅ ብሎ ከሚቀር ጥቁር ሽፋን ይልቅ እንደለሰለሰ የሚቆይ ሰም ወይም ቅባት ነክ መከላከያ ይሻላል ባይ ነኝ። በየዓመቱ መታደስ አለበት። ግን ዝገቱን ከዓይናችሁ አይደብቅም። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ጭራሽ አልመክርም።

እዚህ ብረቱን የሚበላው ምንድነው?

«አዳማ ደረቅ ነው፣ እዚህ ምን ዝገት አለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹ ልክ ነው። ብረት እንዲዝግ ውሃና አየር ያስፈልጋሉ፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በበጋ የኛ ፀሐይና ነፋስ ከሥር ያለውን ሁሉ ቶሎ ያደርቀዋል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ሲሆን ንጹሕ ብረት የሚዝገው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ይረሳል። ክረምት ላይ ከዙሪያችን ካሉ ኮረብታዎች የሚወርደው ጎርፍ ሰፈሩን ሁሉ ጭቃ ያደርገዋል። ጭቃው ፓራፋንጎ፣ ማለትም ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ፣ ውስጥ ይገባል። ከበሮቹ ሥር ባለው ላሜራ ጥግ ይለጠፋል። ሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን የሚሸከመው የብረት አካል፣ ላይ ይጋገራል። መኪናዋ ከላይ ደርቃ ስታዩአት ያ ጭቃ ውስጡ ለቀናት እርጥብ ነው። ብረቱ የሚበላው እዚያ ነው። አቧራውም ከዚህ አይተናነስም። ቅባት ያገኘበት ቦታ ላይ ተጣብቆ ይወፍርና ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል።

መንገዱም አለ። ከተማችን የጅቡቲ መስመር ላይ ናት። ከወደብ የተጫነ ማዳበሪያ፣ ከአፍዴራ የተጫነ ጨው በዚሁ ያልፋል። ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ መኪና የባሕር አየር ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ጨው የተለጠፈበት ብረት ዝናብ ባይነካውም እርጥብ ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያም ጠባዩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እነዚህን የሚጭን መኪና ባለቤት ከሆናችሁ ይሄ ጽሑፍ ከማንም በላይ እናንተን ይመለከታል።

በመጨረሻ መኪናዋ ከውጭ ይዛው የመጣችው ጣጣ አለ። ከአውሮፓ የመጣች ያሪስ በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት መንገድ ላይ ስትነዳ ኖራ ይሆናል። ከገልፍ አገሮች የመጣችው ደግሞ ጨዋማ የባሕር ዳር እርጥበት ስትቀበል የኖረች ልትሆን ትችላለች። ከላይ ቀለሟ እንደ አዲስ ነው፤ ከሥር ግን ሌላ ታሪክ አላት። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉንን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት መንዳታችን አይቀርም። የዛገ ሞተር ቤት እንደ ጎማ ተገዝቶ የሚቀየር ነገር አይደለም። ሻንሲና ወለልም እንዲሁ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከሥሯ ግቡ

ምርጫውን የሚወስነው የብረቱ ሁኔታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት አለበት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ክሪክ ላይ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አትግቡ። ክሪክ ይንሸራተታል፣ ዘይቱንም ሊለቅ ይችላል። ብሎኬትም አታስደግፉ፤ ሳይታሰብ ይፈርሳል። ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ተጠቀሙ። መሬቱ ሜዳና ጠንካራ ይሁን። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሬት የነኩት ጎማዎች ላይም ታኮ አድርጉ። ማቆሚያ ከሌላችሁ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ለአንድ ሰዓት ለምናችሁም ሆነ ከፍላችሁ መጠቀም ይሻላል።

የሚያስፈልጋችሁ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴና ጓንት ብቻ ነው። ከጎማዎቹ ጀርባ ጀምሩ። ፓራፋንጎው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በጣታችሁ ዳብሱ። ከዚያ ከበሮቹ ሥር በርዝመት የሚሄደውን፣ ውስጡ ባዶ የሆነውን ላሜራ ተከተሉ። ታችኛው ጠርዝ ላይ ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በጭቃ ከተደፈኑ ውሃው ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው፤ ላሜራውም ከውስጥ ወደ ውጭ እየተበላ ነው። ከውጭ የምታዩት ትንሽ የቀለም እብጠት ብቻ ነው። ክሪክ የሚገባበት ቦታ፣ ባሌስትራ ወይም ሞላ የሚቀመጥበት፣ የማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ማንጠልጠያ፣ የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቀጭን ቱቦ፣ እነዚህን አትለፉ። የፍሬኑ ቱቦ ዝጎ ካበጠ የቀለም ጉዳይ ቀርቷል፤ ዛሬውኑ መካኒክ ይየው።

አሁን ዝገቱን ለዩት። በአውራ ጣት ስታሹት ብርቱካናማ ዱቄት ጓንታችሁ ላይ ከቀረና ሥሩ ያለው ብረት ለስላሳ ከሆነ ገና ላይ ላዩን ነው። ምንም አትደንግጡ። በካቻቢቴ ጫፍ ስትጭሩት እየተላጠ፣ በቅርፊት በቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ገብቷል። ዝገት ከወጣበት ብረት ይልቅ ከ2 እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል፤ ቅርፊቱ የሚያብጠውና የላይኛውን ቀለም የሚገፋውም ለዚህ ነው። ሦስተኛው፣ በካቻቢቴው እጀታ ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ሳይሆን ድፍን ያለ ድምፅ የሚሰጠው ነው። ጫፉን ስትጫኑት ከሰመጠ ብረቱ አልቋል። እዚህ ላይ የሚቀባ ነገር የለም። የባትላሜራና የበያጅ ሥራ ነው። ያለቀ ብረት ላይ ስቱኮ ሞልቶ ጥቁር የሚቀባ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሥራውን ለሌላ ስጡ።

እጥበት፣ ያልተከበረው መድኃኒት

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ነው። ክረምት ላይ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጨው ወይም ማዳበሪያ ከጫናችሁ ደግሞ እንዳራገፋችሁ ወዲያው፣ ከሥር በብዙ ውሃ ይታጠብ። ላቫጆዎች ከላይ አሳምረው ያጥቡና ከሥር ሁለት ጊዜ አስዘልቀው ያልፋሉ። ቆማችሁ አሳዩአቸው፦ ፓራፋንጎ ውስጥ፣ የሻንሲው ላይኛው ፊት፣ ጥጋጥጉ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቷቸው።

የግፊት ማሽኑ ግን የኤሌክትሪክ ሶኬቶችና የአክስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) የጎማ ሽፋኖች ላይ በቅርበት አይተኮስ። ካጠባችሁ በኋላ መኪናዋን ወዲያው ግቢ አታቁሙ። ጥቂት ንዱአትና ነፋስ ያግኛት።

ጨው የማያውቃት፣ አዳማና አዲስ አበባ መካከል በፈጣን መንገዱ ብቻ የምትመላለስ ጤነኛ የቤት መኪና ይሄ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ሊበቃት ይችላል። ይሄን የምለው ገንዘብ ቆጥቡ ብዬ ብቻ አይደለም። ያልታጠበ ብረት ላይ የተቀባ ውድ ነገር ሁሉ ጭቃውን አብሮ ያሽገዋል።

የተቃጠለ ዘይት

ደጋፊዎቹ ለምን እንደወደዱት ይገባኛል። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። በናፍጣ ይቀጥንና በኮምፕሬሰር ይረጫል። ሥሯ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ዘይት ውሃን ስለሚገፋም ለጥቂት ጊዜ በእርግጥ ይከላከላል። አንዳንድ ጠንካራ የድሮ መኪኖች ዕድሜ ልካቸውን ዘይት ሲረጩ ኖረው ሻንሲያቸው ጤነኛ ነው። ይሄን አልክድም።

ግን ያ ዘይት ከሞተር የወጣው ለምን እንደሆነ አስቡ። ከነዳጁ መቃጠል የሚመጣ አሲድ፣ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ሰብስቧል። አሲዱን የሚያመክነው ቅመም ሥራውን ጨርሷል። ይሄንኑ ነው መልሰን ብረት ላይ የምንረጨው። ቀጭን ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ያጥቡታል። እስኪታጠብ ድረስ ደግሞ የአዳማን አቧራ እየጠራ ይለጥፋል። የዘይቱ ኃይል ሲያልቅ የሚቀረው እርጥበት የያዘ ወፍራም ጭቃ ነው።

ጎሚኒዎቹስ፣ በብረቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያሉት የጎማ ዕቃዎች? ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራ ነገር የማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርፁን ያጣል። በዘይት ያተረፋችሁትን ለጎሚኒ ትከፍሉታላችሁ። በኮምፕሬሰር የሚረጭ ዘይት መርጦ አያርፍም። የፍሬን ዲስክና ሸራ ላይ ከደረሰ አደጋ ነው። የጋለ ማርሚታ ላይ ከደረሰም ያጨሳል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የሚረጨው ልጅ ነው። ያለ ጓንት፣ ያለ ማስክ፣ ዘይቱ ፊቱ ላይ እየተነነ ይውላል። የተቃጠለ ሞተር ዘይት ቆዳን በተደጋጋሚ ሲነካ ለቆዳ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል ይታወቃል። የተረፈው ደግሞ ከጎርፉ ጋር ወደ ቦይና ወደ ጎረቤት ግቢ ይሄዳል። ዘይት ካልቀባሁ አልተኛም የምትሉ ከሆነ ያልተቃጠለ ዘይት ግዙ። ጥቂት ሊትር ይበቃል።

ግራሶ

ለቦታው ጥሩ ነው፤ ለሁሉም ቦታ አይደለም። የብሎን ጥርሶች፣ የባሌስትራ ማሰሪያዎች፣ የትርፍ ጎማ ማንጠልጠያ፣ የባትሪ ጫፎች ግራሶ ይወዳሉ። ሰፊ ወለል ላይ ግን ወፍራም ስለሆነ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም። አንዳንዱ ሰው በአዲስ ዘይት አቅጥኖት በብሩሽ ይቀባዋል። ሰም መግዛት ለማይችል ሰው ይሄ ከተቃጠለ ዘይት በብዙ ይሻላል። ግን ጎሚኒዎቹን እዚህም ራቁ።

ቀይ አንቲረስት

አይሱዙ፣ ፒክአፕ፣ የጭነት መኪናና ባጃጅ ላይ የምወደው ይሄን ነው። ሻንሲያቸው ወፍራምና ለእጅ የሚመች ነው። በብሩሽ ሁሉ ቦታ ይደረሳል። አንቲረስት ብረቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲላጥም ይታያል፣ በቦታው መጠገን ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ዝገቱን ሳያነሱ መቀባት ነው። በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ልቅ የሆነው ሁሉ መነሳት አለበት። ከዚያ ቅባቱ በቲነር ወይም በአኳራጅ ይጠረጋል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ቀዩን ብቻ ቀብቶ መተው። ከተማው ውስጥ ቀይ ሻንሲ ይዘው የሚሄዱ ስንት መኪኖች እናያለን! ቀዩ አንቲረስት መሠረት ነው። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ያሳልፋል። ከላዩ የዘይት ቀለም ሁለት እጅ ካልተቀባበት ክረምቱን አይወጣውም። ገንዘባችሁ ለሁለቱ ካልበቃ ሙሉውን ሻንሲ በቀይ ከማልበስ፣ ግማሹን በደንብ ጨርሳችሁ ሌላውን ለሚቀጥለው ብታቆዩ እመርጣለሁ።

የዝገት መለወጫ ፈሳሽ የሚሸጥበት ቦታ ካገኛችሁ እዚህ ላይ ይረዳል። ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒክ አሲድ ያለበት ነው። ብረቱን አጥብቆ የያዘውን ስስ ዝገት ወደ ጥቁር፣ ረጋ ያለ ነገር ይለውጠዋል። በቅርፊት የሚነሳውን አይፈውስም። ንጹሕ ብረት ላይም ሥራ የለውም። ብቻውን ሽፋን አይሆንም፤ ከላዩ ቀለም ይፈልጋል። አሲድ ነውና ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትንኩት።

ጥቁር አንደርኮት

በጣም የሚሸጠውም፣ በጣም የሚያታልለውም ይሄ ነው። ሬንጅ ያለበት አለ፣ ጎማ ነክ የሆነም አለ። ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ጠጠር ይችላል። ጠጠር መንገድ ለሚበዛበት መኪና ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ድምፅም ይቀንሳል። አዲስ መኪና ላይ፣ ወይም ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ በደረቀ ብረት ላይ ሲቀባ ጥሩ ሥራ ይሠራል።

የዛገ ብረት ላይ ሲቀባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሬንጅ ነኩ ዓመታት ሲያልፉት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ፀጉር ቢያክልም ለውሃ ይበቃዋል። ውሃው ይገባና በሽፋኑና በብረቱ መካከል ይተኛል። የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ነፋሱም ፀሐዩም አይደርስበትም። እናንተ ከሥር ስታዩ ያው ጥቁር ነው፣ ያምራል። በካቻቢቴ ብትጭሩት ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ ይነሳና ከኋላው ቡናማ ቅርፊት ይወርዳል። ደረቅ አገር መሆናችን የሚሰጠንን ጥቅም፣ ቶሎ መድረቅን፣ በገዛ ገንዘባችን የምናጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ቀድሞ አንደርኮት የተቀባች መኪና ካላችሁ ከላዩ ሌላ አትደርቡ። መጀመሪያ እየተጫናችሁ ፈትሹት። ያበጠውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ሁሉ ልጡት። በደንብ የያዘው ይቆይ። የተላጠውን አጽዱና አንቲረስት ቀቡት።

ለገዢዎችም አንድ ቃል። ዕድሜዋ የገፋ መኪና ለሽያጭ ቀርባ ሥሯ ትኩስ ጥቁር ከተቀባ ተጠንቀቁ። ሻጩ «ለክረምት ብዬ ነው» ይላችኋል፤ እውነቱን ሊሆንም ይችላል። ቢሆንም በካቻቢቴ እጀታ ሳታንኳኩ ቀብድ አትክፈሉ።

ሰምና የበግ ፀጉር ቅባት

እኔ ለአብዛኛው የቤት መኪና የምመርጠው ይሄ ነው። ሰም ነክ ስፕሬይ ወይም ላኖሊን፣ ማለትም ከበግ ፀጉር የሚወጣው ቅባት ያለበት መከላከያ። ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። ቀስ እያለ ይሳባል፤ ላሜራ ከላሜራ የተገጠመበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ጠጠር ቢጭረው ትንሹን ጭረት መልሶ ሊሸፍን ይችላል። በቀጭን ቱቦ ደግሞ ከበር ሥር ባለው ባዶ ላሜራ ውስጥ ይረጫል። ቀለምም አንደርኮትም እዚያ አይደርሱም። አብዛኛው መኪና የሚበላው ከውስጥ ነው ካልን፣ ለኔ ይሄ ብቻውን ምርጫውን ይወስነዋል።

ስስ የቆየ ዝገት ላይም ሊቀባ ይችላል፤ ልቅ የሆነውን ማንሳት ብቻ ነው የሚፈልገው። ዝገቱን አያጠፋም፣ አየርና ውሃ ግን ያሳጣዋል።

እንከን አለው። ላኖሊኑ መጀመሪያ ሰሞን ይሸታል። አቧራ ይይዛል፣ ምንም እንኳ እንደ ዘይት ባይሆንም። በግፊት ውሃ በቅርበት ከተመታ ይለቃል። ፓራፋንጎ ውስጥ፣ ጠጠር በቀጥታ በሚመታበት ቦታ፣ ብቻውን አይችልም። እዚያ ንጹሕ ብረት ላይ አንቲረስትና አንደርኮት፣ ሌላው ቦታ ሰም ብታደርጉ ጥሩ ቅንጅት ነው። በየዓመቱ መታደስ አለበት። ዋጋውም ከዘይትና ከግራሶ በላይ ነው። ሁሉም ሱቅ አይኖርም፤ ስትገዙ የታተመበትን ቀንና ለጎማ ዕቃ ይስማማል መባሉን ከማሸጊያው አንብቡ።

ደብሊው ዲ 40ን ለዚህ የሚጠቀም አለ። የጠበቀ ብሎን ለመፍታት ጎበዝ ነው። ለክረምት ግን ስስ ነው፣ አይቆይም።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ላለው፦ እጥበት፣ ልቅ ዝገት ማንሳት፣ ከዚያ ሰም፤ በተለይ ባዶዎቹ ላሜራዎች ውስጥ። ለሚኒባሶቹ፣ ለዶልፊንና ለአባዱላም ይሄው ነው። እነሱ ላይ ግን የተንሸራታቹ በር ሥርና የተሳፋሪው መውጫ ደረጃ የተለየ ዓይን ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ጭቃ የያዘ ጫማ የሚረግጠው እዚያ ነው።

ጅቡቲና አፍዴራ ለሚመላለስ ጭነት መኪና እጥበቱ ከቅቡ ይቀድማል። ባራገፈ ቁጥር፣ ሳይውል ሳያድር። ሻንሲው አንቲረስትና የዘይት ቀለም ይቀባ፣ መገጣጠሚያዎቹና ብሎኖቹ ሰም ወይም ግራሶ። ለሾፌሩና ለረዳቱ ለእጥበት የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ ካልሰጣችኋቸው ግን ምክሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ባጃጅ ቀላል ነው። ወለሉ ላይ ያለውን ምንጣፍ አንስታችሁ እዩ፤ ውሃው ከሥሩ ተኝቶ ላሜራውን ከላይ ነው የሚበላው። አድርቁት፣ ፍቃችሁ አንቲረስትና ቀለም ቀቡት፣ ምንጣፉን ክረምት ላይ ቶሎ ቶሎ አውጡት።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ ምንም አትርጩ። ባትሪው ያለው ወለሉ ሥር ነው። ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ከፍተኛ ኃይል የሚሸከሙ ናቸው። ግፊት በሌለው ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈውን ነገር ከሸጠላችሁ ድርጅት ጠይቃችሁ፣ ዋስትናውን እንደማያሳጣችሁ አረጋግጣችሁ ብቻ።

ቤት ውስጥ ስትሠሩት

ግንቦት መጀመሪያ ጥሩ ጊዜ ነው። ዋዜማውን በጠዋት አጥቡአት፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የፀሐይ ቀን ትድረቅ። እርጥብ ብረት ላይ የሚቀባ ሁሉ ኪሳራ ነው። ሥራውን በማለዳ ጀምሩ። የነፋስ ማመንጫዎቹ የተተከሉት ከከተማችን አጠገብ ነው፤ የአዳማን ነፋስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሰዓት በኋላ ከተነሳ ቀለማችሁ ላይ አቧራ ይዘራል። ግቢው ነፋሻ ከሆነ ሸራ ጋርዱ። ዝግ ጋራዥ ውስጥ ግን አትርጩ፣ ጢሱና ቲነሩ ይጎዳችኋል።

ጎማዎቹን ከፈታችሁ ሥራው ይቀልላል። የፍሬን ዲስኮቹንና ሸራዎቹን በፌስታል ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩ። ማርሚታውን፣ ሴንሰሮቹን፣ የአክሱን የጎማ ሽፋን፣ ሲንቀሳቀስ የሚዞር ነገርን ሁሉ ሸፍኑ። ሞተሩና ማርሚታው የቀዘቀዙ ይሁኑ። ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ መቀባት አንዴ አወፍሮ ከመለጠፍ ይበልጣል። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ።

ስትጨርሱ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሽቦ ክፈቱ። ሰሙ ወይም ቀለሙ ደፍኗቸው ከቀረ ውሃውን በገዛ እጃችሁ አስራችሁታል። ፌስታሉን ሁሉ አንሱ፣ ጎማ አጥብቁ፣ ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። መጀመሪያው ቀን ከማርሚታው አካባቢ ትንሽ ሽታ ቢመጣ የነካካው ነገር እየተቃጠለ ነው፤ ጢሱ ካልቆመ ግን አቁማችሁ ፈትሹ።

ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ባትሪና ካቻቢቴ ይዛችሁ እንደገና ተመልከቱ። ቅቡ የተነሳበት ቦታ ካለ ያኔውኑ እንደገና ይቀባ።

ከዚህ በኋላ መኪናዋ ብየዳ ካስፈለጋት ለበያጁ ሥሯ ሰም ወይም ዘይት እንደተቀባ ቀድማችሁ ንገሩት። ይቀጣጠላል። የሚበየደውን ቦታና ጀርባውን አጽድቶ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገቡ አድርጎ ይሥራ። ብየዳው ከውጭ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከላሜራው በስተጀርባ ያለውንም ሽፋን ያቃጥለዋል። ባለሙያው የሚያየውን የፊቱን ቀብቶ ይሸኛችኋል። የጀርባውን ግን ራሳችሁ በቀጭኑ ቱቦ ሰም ካላስገባችሁበት፣ የሚቀጥለው ቀዳዳ የሚከፈተው እዚያው ብየዳው ጎን ነው።